ከባሕር ራቁ ለተባሉ የባሕር ልጆች

ለክቡር አቶ ሄዝሮን ጋላኢ
የአውራጃው የባሕር ትምህርት ጽሕፈት ቤት ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ዳይሬክተር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበቱልን? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎም ጭምር ደኅና ነውን? እኛ የፉናሉ ደሴት ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች፣ ከጥቂት ጆሮዎች በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን።

እኔ ዶርካስ ፊኡ እባላለሁ። ሥራ በዝቶብዎ ረስተውኝ እንደሆነ፣ ባለፈው ወር በፊርማዎና በማኅተምዎ ከውሃ ያባረሩኝ የባሕር መምህር ነኝ። ትእዛዝዎ፣ ከእንግዲህ ማንም ተማሪ በትምህርት ሰዓት ከባሕር ዳር ሃያ ሜትር ርቆ እንዲቆይ፣ ስለ ባሕር የሚሰጠው ትምህርት ከቢሮዎ በተላኩት ሥዕሎች ብቻ እንዲሆን፣ እኔም ባሕር ስገባ ከተገኘሁ ያለ ማስጠንቀቂያ እንድሰናበት ይላል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ትእዛዙን እንዲሽሩልን ለመለመን ነው፤ ዳሩ ግን ባዶ እጅ ይዞ መለመን ነውር ስለሆነ አስቀድሜ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሃያ ሜትሩ አመሰግናለሁ። መቼም እንደሚያውቁት፣ ባያውቁም በእንግድነት መጥተው እንዳዩት፣ ደሴታችንን ቅድመ አያቶቻችን ኮራል የሚባለውን የባሕር ድንጋይ በታንኳ እያጋዙ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየከመሩ ኮራል በከበበው ጥልቀት የሌለው ባሕር መካከል የሠሯት ናት። ከትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆሞ ምራቁን እንትፍ ያለ ሰው የሚተፋው ባሕር ውስጥ ነው። ከውሃ ሃያ ሜትር የሚርቅ ስፍራ ብንፈልግ ያገኘነው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የኮኮናት ዛፍ ጫፍ ነው። ልጆቹን እዚያ ልሰቅላቸው አስቤ ነበር፤ የኮኮናት ፍሬ ደግሞ ራስ ላይ ይወድቅና ሌላ ትእዛዝ ያስወጣብናል ብዬ ተውኩት። ጠዋት ጠዋት ቤታቸው በታንኳ ሄጄ የማመጣቸውን ልጆችስ በምን ላምጣቸው? ክንፍ የሚሠፋ ጽሕፈት ቤት ካለ ይጠቁሙን።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥዕሎቹ። እጅግ ያማሩ ናቸው። በበረዶ ላይ የሚንጋለል ጢማም እንስሳ፣ ኮት የለበሰ የሚመስል የማይበር ወፍ፣ በረዶ ሰብሮ የሚወጣ ነጭ ዓሣ ነባሪ። ተማሪዎቼ በደስታ ተንጫጩ። አንዱ ትንሽ ልጅ ጢማሙን እንስሳ አይቶ «መምህርት፣ ይሄ ዳይሬክተሩ ናቸው እንዴ?» አለኝ። ገሠጽኩት። በእኛ ባሕር በረዶ ስለሌለ ልጆቹ በረዶን ያዩት ለእርስዎ እንግዶች ዓሣ ማቆያ ተብሎ የተላከ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወደዚያ በረዶ ደግሞ እመለሳለሁ።

ሥዕሎችዎ ከመምጣታቸው በፊት እኛ ኋላ ቀሮች ልጆችን የምናስተምረው በጆሮ ነበር። አባቶቻችን ዶልፊን ሲነዱ ታንኳዎቹ በሰፊው ባሕር ላይ ይበተኑና፣ እያንዳንዱ ሰው ከውሃው በታች ሁለት ድንጋይ ያጋጫል፤ ዶልፊኑ ያንን ድምፅ ሸሽቶ ወደ ዳር ይነዳል። ስለዚህ የኛ ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት አንድ ነገር ይማራል፤ ኳ ኳ የሚል ሲሰማ ራሱን ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ ወጥቶ በጣቱ ያመለክታል። ከዚያ በኋላ ሌላውን ድምፅ ይማራል፤ ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር ፍጥረት ሲንጣጣ፣ አፈ በቀቀን የሚባለው ዓሣ በምንቃሩ ኮራል ሲቆረጥም። ባሕር ዝም ያለ የሚመስለው ከላይ ለሚያየው ሰው ነው። ልጆቼ ውስጡ ገበያ እንደሆነ ያውቃሉ።

ከሁሉም የምትበልጠው ፋኔታ ነበረች። የባኤቶ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቷ። ራሷን ነክራ ስትወጣ «ሦስት አፈ በቀቀን አሉ፤ አንዱ ትልቅ ነው፣ ድንጋይ ሳይሆን አጥንት የሚበላ ይመስላል» ብላ ስትስቅ፣ ጠልቀን ስናይ ሦስት ይሆናሉ። ሽማግሌዎቻችን በሚመጣው የዶልፊን ወቅት ከፊት ታንኳ ላይ አድማጭ ሆና እንድትቀመጥ ፈቅደውላት ነበር። ሴት ልጅ እዚያ ቦታ ተቀምጣ አታውቅም። አባቷ ዜናውን የሰማ ቀን ከደስታው ብዛት የራሱን መረብ ረግጦ ወድቆ ከንፈሩን ሰንጥቆታል።

ሦስተኛ፣ የባሕር ቀን በዓልን በደሴታችን ለማክበር ስለመረጡን አመሰግናለሁ። ከከተማ እንግዶች እንደሚመጡ፣ ልጆቹ የአባቶቻቸውን የማዳመጥ ጥበብ እንዲያሳዩ፣ ለግብዣው ደግሞ ጠረጴዛ ሙሉ ዓሣ እንዲቀርብ አዘዙ። ጫማውን አላወልቅ ብሎ ታንኳ ውስጥ የሚንሸራተተው መልእክተኛዎ ይህን ሊነግረን የመጣው ሐሙስ ሲሆን በዓሉ ቅዳሜ ነበር። ሽማግሌዎቹ በነፋሱ ምክንያት በሁለት ቀን ያን ያህል ዓሣ በመንጠቆ እንደማይያዝ፣ ዓሣ የሞላበት የደቡቡ ኮራል ደግሞ የቀድሞው አለቃችን ከሞቱ ወዲህ ለሐዘን እንደተዘጋ፣ ልጆች ለትምህርት ካልሆነ ማንም እንደማይገባበት በትሕትና አስረዱት። ያኔ መልእክተኛዎ ዳር ላይ ወደ ቆመው ወደ ኤልካና ዞረ።

ኤልካናን አያውቁትም፤ እጁን ግን በልተዋል። ከትልቁ ጦርነት በባሕሩ ወለል ላይ ከቀሩት ጥይቶች ባሩዱን እየፋቀ በጠርሙስ የሚያጭቅ፣ ያንንም ውሃ ውስጥ እያፈነዳ ዓሣ የሚገድል ሰው ነው። ባሩዱ ሁለት ጣቶቹን ከወሰደበት ወዲህ ነገሩን ትቼዋለሁ ብሎ ነበር። መልእክተኛዎ የተናገረውን እኔ ከጎኑ ቆሜ ሰምቻለሁ።

«እንዴት እንደምትይዘው ያንተ ጉዳይ ነው። ክቡር ዳይሬክተሩ ጠረጴዛው ሙሉ ይሁን ነው ያሉት።»

ኤልካና ሽማግሌዎቹን አየ፤ ሽማግሌዎቹ መሬት አዩ። የመንግሥት ሰው ፊት መከራከር አለመልመዳችን የእኛ ጥፋት ነው።

አራተኛ። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ቢፈቅዱልኝ ምስጋናዬ ትንሽ ይዘገያል።

ዓርብ ጠዋት ልጆቹ የእርስዎን ትርኢት ሊለማመዱ በተዘጋው ኮራል ላይ ነበሩ። እኔ ታንኳ ላይ ነበርኩ፣ እነሱ ውሃው ውስጥ፣ አንገታቸው ብቻ እየታየ። ኤልካና በኮራሉ ማዶ በኩል መጣ። ቦታው የተዘጋ ስለሆነ ማንም የለም ብሎ ነው የመጣው። የጠርሙሱን ክር ከለኮሰ በኋላ ቀና ሲል ራሶቻቸውን አየ። መጮህ ቢጮህ ነፋሱ ከእነሱ ወደ እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አደረገ፤ እኔም ብሆን የማደርገውን። ውጡ ለማለት የታንኳውን ሆድ በድንጋይ ደበደበ። ኳ ኳ ኳ።

ልጆቼም የተማሩትን አደረጉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ነከሩ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አዳመጡ።

ኤልካና ጠርሙሱን አሽቀንጥሮ ወዲያ ማዶ ወረወረው፤ ወርውሮም ራሱ ወደ ልጆቹ ዘለለ። ውሃው ተነሣ። ያለሁባት ታንኳ ከሥሬ በርግጫ የተመታች ያህል ነጠረችና ጥርሴ ምላሴን ነከሰው። ከዚያ ዓሣው ነጭ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ወጣ፤ መቶ፣ ሺህ፣ ማን ቆጠረው። ከዓሣው መካከል ልጆቼ ወጡ። አንዱ ያስታውካል፣ አንዱ ሁለት እጁን ጆሮው ላይ ጭኖ አፉን ከፍቶ ይጮሃል፣ ድምፁ ግን አይወጣም። ከፋኔታ አፍንጫና ከሁለት ጆሮዎቿ ደም ይወርድ ነበር። ከሁሉም በላይ ጠልቃ የነበረችው እሷ ናት፤ ጎበዝ ተማሪ ነበረችና። ኤልካና በሦስት ጣት እጁ ፀጉሯን ይዞ ወደ ታንኳዬ እየጎተታት ይለፈልፍ ነበር።

«ውጡ ለማለት ነው ያንኳኳሁት። ዶርካስ፣ በእናትሽ፣ ውጡ ለማለት ነው!»

ባኤቶ ፍንዳታውን ሰምቶ እየቀዘፈ ደረሰ። ልጁን ፋኔታን አየ። መቅዘፊያውን በሁለት እጁ አንሥቶ ኤልካናን ትከሻው ላይ አወረደበት፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። መቅዘፊያው ለሁለት ተሰነጠቀ፣ በስባሪው ፊቱን ደገመው። የኤልካና ወንድሞች የታጠቁትን የዓሣ ጦር ይዘው መጡ፤ የባኤቶ ዘመዶችም ሜንጫ ይዘው መጡ። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ሆዳቸው በፈነዳ ዓሣዎች መካከል፣ አብረው የተጠመቁ ሰዎች ተወጋጉ። የአንዱ ጉንጭ እስከ ጥርሱ ተከፈተ፤ የሌላው ጭን በጦር ተበሳ። አንዱ የኤልካና ወንድም ባኤቶን ከኋላ አንቆ ፊቱን ውሃ ውስጥ ሲደፍቀው፣ እኔ የባሕር መምህርቷ፣ ከባዶ የመድፍ ቀፎ የተሠራውን የትምህርት ቤታችንን ደወል የምመታበትን፣ ታንኳዬ ውስጥ የተውኩትን ብረት አንሥቼ ማጅራቱን ብየዋለሁ። ይህ ከመምህራን ሥነ ምግባር ደንብ ውጭ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቅጣቱን በደስታ እቀበላለሁ፤ እንደገና ቢመጣም እንደገና እለዋለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ጀልባው አመሰግናለሁ። ባለ ሞተሩ የጤና ጣቢያ ጀልባ ከዓርብ ጠዋት ጀምሮ የእርስዎን ድንኳንና ወንበሮች ሲያመላልስ ስለነበረ የተወጉትንና ልጆቹን የሚወስድ አልተገኘም። በምትኩ ጥጥ ነበረን። ጥጥ ጥሩ ነገር ነው፤ ነጭ ስለሆነ ደሙን በደንብ ያሳያል።

ሽማግሌዎቹ ያ ዓሣ እንዲቀበር ወሰኑ። መልእክተኛዎ ግን ጫማውን ለመጀመሪያ ጊዜ አውልቆ ውሃ ገባና ዓሣውን እየለቀመ በላኩት በረዶ ውስጥ ከተተው። እንዴት እንዲህ ይደረጋል ብንለው «ዓሣው ምን አጠፋ?» አለን። እውነቱን ነው፤ ዓሣው ምንም አላጠፋም።

ስድስተኛ፣ በዓሉ። ቅዳሜ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ጀልባ ማረፊያው ድልድይ ላይ ቆመው ልጆች እንደተጎዱ ነገሩዎት። ፊትዎን አጨፍግገው «እጅግ ያሳዝናል፤ ከፕሮግራሙ በኋላ እንነጋገራለን» አሉ። ከፕሮግራሙ በኋላ ጀልባዎ ሄደ። እንግዳ ደጅ ላይ አይመለስም የሚል የኛ ልማድ ባይኖር ኖሮ፣ ከፕሮግራሙ በፊትም ይሄድ ነበር። ባሕርን ከጥፋት ስለመጠበቅ ያደረጉት ንግግር ልብ የሚነካ ነበር። ከዚያ ተቀምጠው በትኩስ ድንጋይ የበሰለውን ዓሣ በጎደሬና በኮኮናት ወተት በሉ፤ ሥጋው እንዴት ለስላሳ እንደሆነ፣ ሳይነኩት ከአጥንቱ እንደሚለቅ አደነቁ። ከደሴቱ ሰዎች አንድም የቀመሰ አልነበረም። ለምን አትበሉም ብለው ሲጠይቁን ጠግበናል አልን። ክቡር ሆይ፣ በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ እንደዚያ አይለሰልስም። እንደዚያ የሚለሰልሰው ወገቡ በፍንዳታ ሲደቅ ነው። ይህን የአንደኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል፤ በሥዕሎቹ ላይ የለም እንጂ።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ስለ ሪፖርትዎ። አደጋው የደረሰው መምህርቷ ልጆችን ራሳቸውን ውሃ ውስጥ እንዲነክሩ በማስተማሯ ነው ብለው ጽፈዋል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው እንዲህ በማኅተም ተደርጎ አይቼ አላውቅም ነበር። ጠረጴዛው የማን ነበር? ኤልካና ጠርሙሱን የሞላው ለማን ሆድ ነው? እኛ ዓሣ በል ነንና ተረቱ አይጠፋንም፤ ዓሣ ግማቱ ካናቱ ነው። ይቅርታ፣ ትሕትናዬ አመለጠኝ። መለስኩት።

እንግዲህ ልመናዬ። ኤልካና ትከሻው ሳይጠገን፣ ጎሣው ያዋጣለትን ቀይ የዛጎል ድሪና አሳማ ይዞ በባኤቶ ደጃፍ ተንበረከከ። በእኛ ዘንድ ደም ያፈሰሰ ሰው፣ ሳያውቅ ቢያፈስም፣ ዛጎሉን መሬት ላይ ያኖራል፣ ፊቱንም አያነሣም። ባኤቶ ከጠዋት እስከ ቀትር ቆሞ አየው። ኋላ ላይ ዛጎሉን አነሣ፤ አብረውም በሉ። የኤልካናን ወንድም በብረት ስላልኩት እኔም በተራዬ ድሪዬን ይዤ ሄጄ ታርቄያለሁ። በደሴቲቱ ላይ ያልታረቀ የለም። ዛጎሉን ሳያኖር የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስሙ በዚህ ደብዳቤ አናት ላይ ተጽፏል። አሳማ አንጠይቅዎትም፤ ዛጎልም የለኝም ካሉ እናውስዎታለን። ትእዛዙን ብቻ ይሻሩልን። የባሕር ልጅ ባሕርን በወረቀት ካወቀ፣ የሚመጣው ጠርሙስ ሲወድቅ ከየት እንደመጣ የሚያመለክት አንድ ጣት አይኖረንም።

ክንዴን አጥፌ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ እግሬን ከውሃ ሰብስቤ፣ ለከፍተኛ ማዕረግዎ ከሚገባው በላይ የሆነ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣

የታዛዥነቷ ወሰን ሃያ ሜትር የሆነው አገልጋይዎ፣
ዶርካስ ፊኡ
የፉናሉ ደሴት ትምህርት ቤት የባሕር መምህር

ግልባጭ፦
ለመልእክተኛዎ፣ ከነጫማው
ለጢማሙ እንስሳ፣ በረዶው ላይ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በሪፖርትዎ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ በበዓሉ ቀን የክብር ምግብ ያቀረበችልዎትን ልጅ የዓሣውን ስም ሦስት ጊዜ ጠይቀዋት ፈገግ ከማለት በቀር መመለስ እንዳቃታት፣ ይህም የደሴቲቱ ልጆች የራሳቸውን ባሕር ዓሣ እንኳ እንደማያውቁ፣ ተጨማሪ ሥዕሎች እንደሚያስፈልጉ እንደሚያሳይ ጽፈዋል። ያቺ ልጅ ፋኔታ ነበረች። ተኚ ብለናት ነበር፤ አልሰማችም። ልብሷን ለዚያ ቀን አዘጋጅታ ስለነበር በጆሮዋ ያለውን ጥጥ በፀጉሯ ሸፍና ሳህኑን ይዛልዎት መጣች። የከተማው ሐኪም ከእንግዲህ እንደማትሰማ ነግሮናል።

ጥያቄዎ ሳይመለስ እንዳይቀር ትናንት በሰሌዳ ላይ ጽፌ አሳየኋት። በጠመኔ እንዲህ ብላ መለሰችልዎት፦ «አፈ በቀቀን ነው። ወገቡ ተሰብሯል። መምህርት፣ ሌሎቹ አሁንም ይቆረጥማሉ ወይ? ሰምተሽ ንገሪኝ።»

እኔ ገብቼ እንዳልሰማላት ከልክለውኛል። ስለዚህ ጥያቄዋን ወደ ክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ፤ ልጅቷ መልስዎን እየጠበቀች ነው።